ሁለት ቀይ ነጥብ

ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? አይነሱ፣ አይነሱ፤ በዚያ ወገብዎ ደግሞ ለእኔ ብለው ሊነሱ? እኔ ይቺን ጀሪካን ገልብጬ እቀመጥባታለሁ። ልብስ ሰፊ የትም መቀመጥ ትችላለች፣ መርፌ ላይ ብቻ አይሁን። ሰማዩ ዛሬ ጥርት ብሏል፣ አይደል? ትናንት እኮ ያ ሁሉ ዝናብ… ጋራዥዎ ደግሞ እንዴት ያምራል፤ ወለሉ ተጠርጎ፣ መፍቻው ሁሉ በየቁመቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ። የእኔ ሱቅ አንድ ቀን እንዲህ ቢሆን ደንበኞቼ ቤት የተሳሳቱ መስሏቸው ይመለሱ ነበር።

ውይ፣ ወንድሜም እዚህ ነህ ለካ። ከመኪናህ ኮፈን ጀርባ ስለቆምክ አላየሁህም። እንደምን አደርክ የኔ ጌታ? ባለቤትህስ፣ ወሯ ገባ አይደል? በሰላም ያገላግላት። በል አንተ ሻይህን ጠጣ፣ እንዳይበርድብህ፤ እኔና ጋሼ እንዲሁ የድሮ ሰው ወሬ ነው የምናወራው። አንተን የሚመለከት ነገር የለውም።

እና ጋሼ፣ የአባታችን መኪና ትናንት ተጎትታ ገባች አሉኝ። ወይዘሮዋ… ተጎትታ። አባታችን ለዚያ ባለ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳት፣ ሰውየውም በጡረታው ቀን "ከአንተ ሌላ ማን ይንከባከባታል" ብሎ ቁልፏን ሲያስጨብጠው፣ ገመድ የሚባል ነገር ነክቷት አያውቅም ነበር። ስሟንም "ወይዘሮዋ" ብሎ ያወጣላት ያኔ ነው፤ ስትነሳም ስትቆምም ክብሯን ጠብቃ ነው ይል ነበር። አሁን እዚያ ጥግ ላይ ሳያት… መቼስ እርጅና ነው። ግን የቆዳ ወንበሯን አዩልኝ? እንደ አዲስ ጫማ ነው የሚያብረቀርቀው። የእንጨት ዳሽቦርዷን ደግሞ፣ ጺምዎን ሊላጩበት ይችላሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርግላት ሰው አለ። አባታችን በሰማንያ ዓመቱ ታድሎ አንድ የልብ ሰው ተገኘለት።

ስሙን አልጠራም። ሲመሰገን የሚያፍር ዓይነት ሰው ነው፤ ምስጋና ከሰማ አንገቱን ደፍቶ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያየው። እንዲህ ዓይነት ትሕትና ዛሬ ከየት ይገኛል? ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና "አባባ፣ አንተ አትድከም፣ እኔ ወስጄ ላገላብጣት" ይለዋል። ይወስዳታል፣ ያገላብጣታል። ማገላበጥ ሲያውቅበት። የቸርኬዋን ጭቃ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያወጣው። ከኮፈኗ በላይ ያለውን ሥራ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ከኮፈኗ በታች ያለውን ደግሞ… እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። ሲመልሳት አዲስ ካርቶን ይዞ ነው የሚመጣው፤ "ይኸው አባባ፣ ራዲያተሯን ቀየርኩላት፣ ይኸው ካርቶኑ።" አባታችን ዓይኑ ደከም ስላለ ካርቶኑን በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ይመርቀዋል። ካርቶኖቹ አሁንም አልጋው ስር ተደርድረዋል።

መለዋወጫዋ እኮ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ለአንዲት የውሃ ፓምፕ ስድስት ወር የጠበቅንበት ጊዜ ነበር። ሱቅ ለሱቅ ዞረን ዞረን፣ አንዱ ነጋዴ "እናቴ፣ ይቺ እኮ ለሙዚየም እንጂ ለመንገድ አይደለችም" ብሎኝ ነበር። ያ ሰው ግን መጠበቅ አያውቅም። የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል። ቅርብ ነው መሰለኝ የሚያገኘው… በጣም ቅርብ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች፤ ዛሬ ማን ሞፈር ይፈልጋል ብለው ነው?

እሱም ደግሞ የወይዘሮዋን መንታ ገዝቷል። ዓመቷም አንድ፣ ቀለሟም አንድ፤ ልክ እንደ ወንድሜ መኪና ማለት ነው። መቼስ ያንን ሞዴል የሚወድ ብዙ ነው። ሲገዛት ሬሳ ነበረች፤ ኮፈኗን ሲከፍቱት ከውስጥ ድመት የወጣችባት። "ይቺን ምን ልታደርጋት ነው?" ቢለው አባታችን፣ "የአንተን እያየሁ አድጌ፣ ፍቅሯ አልወጣልኝ አለ" አለው። ሬሳዋም በሦስት ወር ውስጥ ተነሳች። በእነዚያው ሦስት ወራት ወይዘሮዋ ተኛች። አጋጣሚ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል፤ ዓለም እንዲህ አይደለችም ጋሼ?

የአባታችንን ጆሮ ያውቁለታል። እናንተ በመሣሪያ የምታገኙትን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያገኘው። "ሦስተኛዋ ካንዴላ ደክማለች" ይላል፤ ፈተው ሲያዩ ሦስተኛዋ ናት። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ያስነሳታል። እጁን መሪዋ ላይ አድርጎ አሥር ደቂቃ ያዳምጣታል፣ ከዚያ ያጠፋትና ወደ ቤት ይገባል። የትም አይሄድም፤ እንዴት አደርሽ ሊላት ብቻ ነው።

ታዲያ ከጥቂት ወራት በፊት "ይቺ ሴትዮ ታስላለች" ማለት ጀመረ። "ድምጿ የእሷ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያናግረኝ" አለ። ያ ደግ ሰው ምን ብሎ አጽናናው መሰለዎት? "አባባ፣ መኪናዋ ደህና ናት። ጆሮህ ነው ያረጀው።" ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለአሮጌ ሾፌር የሞተር ድምፅ ሲያስተምሩት ግን ያን ጊዜ አየሁ። አባታችን አልተቆጣም። "ይሆናል ልጄ" አለው። እንደሚያውቁት አባታችን ሰውን ሁሉ ልጄ ነው የሚለው።

ደግነቱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ራሱ ወሰደው፤ ያውም በራሱ መኪና፣ በመንታዋ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ገና ከሰፈር ሳንወጣ አባታችን ከኋላ ወንበር ቀና አለና "ድምጿን ስሚልኝ" አለኝ። "ወይዘሮዋ በልጅነቷ ልክ እንዲህ ነበረች" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ እስክንደርስ አልገለጠውም። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ሐኪሙ መርምሮ "ለዕድሜዎ ደህና ነው" ቢልም ያ ሰው "ደህና" በሚባል ነገር የሚረካ አይደለም፤ የጆሮ ማዳመጫ ካልተገዛለት ብሎ አስገዛለት። አባታችን በማግስቱ ማዳመጫውን ሰክቶ ወይዘሮዋን አስነሳ። ሳሉ ባሰባት። በደንብ ሰማት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ወደ ግቢ መውጣቱን ተወ። ቁርሱን ይበላል፣ በመስኮቱ ያያታል፣ ይቀመጣል። ጋሼ፣ እየሳቅኩ ላውራዎት እንጂ ይህ ነገር አንጀቴን በልቶታል።

ዛሬ ጠዋት ጠራኝና ይህን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "ሂጂና መካኒኩን ጠይቂልኝ፤ እሱ አይዋሸኝም" አለኝ። "ጆሮዬ ነው ወይስ ሞተሩ? ጆሮዬ ከሆነ ቁልፉን ለወንድምሽ ስጪው። ለመለዋወጫነት እወስዳታለሁ ብሎኛል፣ ይውሰዳት። የማልሰማትን መኪና ይዤ ምን አደርጋለሁ?" ወንድሜም እኮ አባታችንን ላገላግለው ብሎ ነው፤ ክፋት የለውም። አንድ ቃል ነው እንግዲህ የላከኝ፤ ጆሮ ወይም ሞተር። እኔም ቀጥ ብዬ መጣሁ።

ቅድም ከበሩ ላይ ስደርስ ታዲያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አልለየሁትም፤ በእኛ ቤት ጆሮ ቶሎ ያረጃል። "ጋሼ፣ ይኸው ይዩት፣ ሁለት ቀይ ነጥብ" እያለ ለእርስዎ ያስረዳ ነበር። "የፋብሪካው ምልክት ነው፤ ኦሪጅናል ላይ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ኮፒ ላይ ቢፈልጉ አያገኙትም።" እንዴት ያለ አዋቂ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ቀይ ነጥብ ሲባል ደግሞ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ላጫውትዎት?

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ጋራዥ፣ ዛሬ ፈርሷል፣ የወይዘሮዋን ደህና ዲናሞ አውጥቶ የሞተ ከተተባት። አባታችን በጆሮው ደረሰበት፤ ግን በምን ያስረዳ? ዲናሞ ሁሉ ዲናሞ ነው አሉት። ያን ለት ቤት ገባና "ያቺ የጥፍር ቀለምሽ የት አለች?" አለኝ። ለክፍላችን ፎቶ ብዬ የገዛኋት አንዲት ቀይ ብልቃጥ ነበረችኝ። ኮፈኑን ከፍቶ አጠገቡ አቆመኝ። እሱ ይጠቁማል፣ እኔ እቀባለሁ፤ ራዲያተሩን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ካርቡሬተሩን፣ ሞተሪኖውን፣ ዲናሞውን። "አንድ ነጥብ በአጋጣሚ ይንጠባጠባል፤ ሁለት አድርጊው" አለኝ፣ ሁለት ሁለት አደረግሁ። የብሩሿ አንድ ፀጉር ወጣ ብሎ ስለነበር የታችኛዋ ነጥብ ሁልጊዜ ትንሽ ጭራ ታወጣ ነበር። እናታችን መጥታ "ለማን ነው እንዲህ የምትዋቢው?" ብትለኝ "ለካርቡሬተሩ" አልኳት። ብልቃጧ አለቀች፤ ፎቶውን በባዶ ጥፍር ተነሳሁ።

ወንድሜ ያኔ ገና በዳዴ ነበር። አንተ ምን ታውቃለህ የኔ ጌታ፣ ማንም አልነገረህም። አድጎ ለሚያያቸው ሰው የፋብሪካ ምልክት ቢመስሉት አይፈረድበትም። ለነገሩ ያ ያልለየሁት ድምፅ ልክ ብሏል፤ ኮፒ ላይ አይገኙም። ያን ቀለም ዛሬ ገበያ ቢያስሱ አያገኙትም፣ ሠላሳ ዓመት በሞተር ሙቀት ውስጥ ኖሮ አልለቀቀም። ፋብሪካው እኔ ነበርኩ ጋሼ።

ወንድሜ፣ ኮፈኑን ለምን ትዘጋዋለህ? ጋሼ ገና እየሠሩ አይደል? ተወው፣ ነፋስ ይግባው። ከዚህ ሆኜ ራዲያተሩ ጥግ ላይ ጭራዋ ስትታየኝ ልጅነቴን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚሉትን ተረት ስጠላው ነው የኖርኩት። ያ ሰው ግን አሻሻለው። ሌላ ዘራፊ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ባዳ እጅ እንዳይገባ ብሎ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ተሸከመው። ከዚህ የበለጠ ቤተሰቡን የሚወድ ሰው ከየት ይመጣል?

በሉ እኔ ልሂድ፤ ለነገ የምትደርስ የሙሽራ ቀሚስ አለችኝ። እርስዎ ምንም አይመልሱልኝ ጋሼ። አባታችን የላከኝ ለአንድ ቃል ነው፤ ያቺን ቃል ያ ሰው ሄዶ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከአፉ ቢነግረው ይሻላል። ማዳመጫውን አውልቆለት ይንገረው፤ አባታችን ያለሱም ይሰማል።

ወንድሜ፣ ደግሞ ምን ፍለጋ ወደ ግድግዳው ሄድክ? መፍቻ? አሥራ ሦስት ቁጥሯ ከግራ ሁለተኛዋ ናት። ራዲያተሩን ቀስ ብለህ ፍታ፣ ቀለሟ እንዳይፋቅ። ቁልፉንማ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተተው፤ እዚህ ዘይት ይነካዋል።

ለዚያ ሰው ክፉ አልመኝለትም ጋሼ፤ ልቤ ንጹሕ ነው። ለአባታችን የዋለለትን ሁሉ ፈጣሪ አንድም ሳያጎድል ይክፈለው። እሱም የመጀመሪያ ልጁን እየጠበቀ ነው አሉ፤ በሰላም ይታቀፈው። ወንድ ይሁንለት፣ እጀ ወርቅ ይሁንለት፤ መልኩም ልቡም ቁርጥ አባቱን ይሁን። ሰውየውም በዚያ ልጅ እጅ ይጦር፣ የአባታችንን ሰማንያ ይድረስበት፣ ይለፈውም። ዓይኑም ጉልበቱም ይበርታለት፤ ከሁሉ በላይ ግን ጆሮውን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጥርት አድርጎ ያቆይለት። አሜን በል እንጂ፣ ወንድሜ።