ቁጥሩ የገጠመው ሞተር

ነይ እስቲ፣ እዚህ ጥላው ላይ ተቀመጪ። ወንፊቱን ለመመለስ ብለሽ በዚህ ፀሐይ መጣሽ? ምን አስቸኮለሽ፤ አፈሩን የምነፋው ገና ነገ ነው። የልብስ ስፌቱ ሥራ እንዴት ነው፣ ወገብሽስ? የኔ ችግኞች ደህና ናቸው። ጽጌረዳዋ አብባለች፤ ሎሚው ግን አኩርፏል፣ ምን እንዳስከፋው እንጃ።

ያን እግር አይተሽ አትደንግጪ። ከፒካፔ ሥር የወጣው የልጄ ባል እግር ነው። ዘይት ታንጠባጥባለች ብዬ ሳልጨርስ፣ ቁርሱን እንኳ ሳይቀምስ ገባልኝ። አማች እንዲህ ነው እንጂ! እሱማ ወርቅ ነው… የማወራሽ ስለ እሱ አይደለም። ስለ ሌላ ሰው ነው፣ ስሙንም አላውቀው።

ባለፈው ክረምት የልጄ ባል፣ “እማማ፣ ሰርቪስ ያስፈልጋታል” ብሎ ሁለት ሳምንት እሱ የሚሠራበት ጋራዥ አስገባልኝ። እዚያ መቼም ስንት መካኒክ አለ፤ የትኛው እንደነካት በምን አውቃለሁ? ብቻ የነካት ሰው እጁ ይባረክ። ታጥባ ተወልውላ መጣች። ኮፈኑን ብከፍተው በሞተሩ ክዳን ላይ የነበረው ሰማያዊ ቀለም እንኳ የለም! የባሌን ነገር ታውቂው የለ፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ሞተሩን ፈታትቶ እንደገና ሲገጥም ከበሩ የተረፈውን ቀለም ቀባው። ስንት ዓመት ዘይትና ሙቀት ያላስለቀቀውን ያ ሰው በአንድ እጥበት አስለቀቀው። ምን ዓይነት ሳሙና ይሆን? ላንቺ ደንበኞች ልብስም በሆነ ነበር።

ምነው፣ የመፍቻው ድምፅ ጠፋ? ደክሞት ይሆናል… ይረፍ ልጄ።

ጉልበቷ ግን ከሳሙናው ጋር ሳይታጠብ አልቀረም። ድሮ ሙሉ አፈር ጭኜ ዳገቱን እየዘፈንኩ ነበር የምወጣው። አሁን ባዶዋን ግማሽ መንገድ ላይ ትቆምና ታስባለች። የሚገፋኝ ስፈልግ ከስንት ጎረምሳ ጋር ተዋወቅሁ መሰለሽ! ባልሽ ከሞተ ወዲህ ብቸኛ ሆንሽ ትይኝ አልነበር? ይኸው፣ ያ ሰው ለብቸኝነቴም አስቦልኛል። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ደንበኞቼ “ችግኙ በሰዓቱ አልደረሰም” ብለው ሌላ ዘንድ ሄዱ። እንዲህ ከቀጠለ እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ነው። እሱም ሳያስብልኝ ይቀራል፣ እረፍቴን?

ይህን ሁሉ ተዪው። እኔን ያስደነቀኝ ጥንቃቄው ነው። ሰኞ ለዓመታዊ ምርመራ ወሰድኳት። መጀመሪያ ስንገዛት ሊብሬዋን የጻፈው ጸሐፊ የሞተሩን ቁጥር ሲገለብጥ የመጨረሻዋን ስምንት ሦስት አድርጎ ጽፎብን ነበር። ባሌ ለማሳረም ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ፤ ሲሰለቸው “ሞተሩ ላይ ያለው ስምንት ነው፣ ሦስት ተብሎ የተጻፈው በስህተት ነው” የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፎ ተገላገለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተሩና ሊብሬው ገጥመው አያውቁም፤ በየዓመቱ ደብዳቤውን እናሳይና እናልፋለን። የሚቀመጠው ከቁም ሳጥኔ ሥር ነው። ከኔና ከባሌ በቀር በቤቱ ያወቀ የለም፤ ልጄም አታውቅ።

ሰኞም እንደ ልማዴ ይዤው ሄድኩ። መርማሪው በባትሪ አየ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ አየ። “እማማ፣ ደብዳቤውን ይያዙት፤ ዘንድሮ ቁጥሩ ልክ ነው” አይለኝ መሰለሽ! ሦስት! ቁርጥ እንደ ሊብሬው!

እስቲ አንቺው ፍረጂ። ብረት ዕድሜ ልኩን ስምንት ሆኖ ኖሮ፣ በስተርጅናው ሐሳቡን ይቀይራል? የለም፣ ያ ሰው ነው። ሊብሬውን ፊቱ ዘርግቶ፣ ከሌላ ሞተር ላይ የድሮውን ቁጥር ፍቆ፣ አንድ በአንድ ቀረጸው። የጸሐፊውን ስህተት ሳይቀር! ሌላ ሌባ… ውይ አፌ፣ ሌላ ባለሙያ ብዬ ነው… ሌላ ባለሙያ ቢሆን ቁጥሩን ከዋናው ከኔ ሞተር ላይ አይቶ ያበላሸው ነበር። እሱ ግን በወረቀት የታዘዘውን ብቻ ሠራ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ደግሞ እጁ እንዴት ያምራል፤ ሞተሩ ሽማግሌ፣ ቁጥሩ ሙሽራ።

ዋናው ሞተር ታዲያ የት ገባ አትይኝም? እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት የልጄ ባል ለቁርስ እጁን ሲታጠብ፣ በር ላይ ያቆማትን የራሱን ፒካፕ እንዲያው ኮፈኗን ከፈት አደረግሁት። ሴት ኮፈን አትክፈት የሚል ሕግ የለ። ሰማያዊ፣ እህቴ! በቤንዚን ፈግፍገውታል፣ ግን ከየብሎኑ ሥር ቀርቷል። መነጽሬን አድርጌ ቁጥሩን ፈለግሁ። ስምንት። ባሌ በጣቱ እያሳየ የሚስቅባት፣ የኔዋ ስምንት። አልደብቅሽም፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያን ሞተር ፈቶ የገጠመው በታመመበት ዓመት ነው፤ እየሳለ፣ “እኔ ባልኖርም ዳገቱን ያወጣሻል” እያለ።

አየሽ የዚያን ሰው ቸርነት? ለልጄ ባል ስጦታ ብሎ፣ እሱ ሳያውቅ ገጥሞለታል። ምስኪን! መካኒክ ሆኖ የባሌን ሞተር ይዞ ሲዞር ልብ አላለም። የራሱ ደካማ መኪና ዳገቱን እንደ ጥይት ስትወጣ፣ “ጸሎቴ ሰመረ” ብሎ ይሆናላ።

እኔ የማዝነው ለሱ ነው። ሐሙስ የሱም ምርመራ ነው አሉ። መርማሪው ያቺን ስምንት ሲያይ “የማን ናት?” ማለቱ አይቀርም። ስለ እሷ የሚመሰክር ወረቀት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ ያ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሁለቱን ሞተሮች እስከ ረቡዕ ወደየቤታቸው ቢመልስልኝ… እኔ ደግሞ ማንንም አልጠይቅ፣ ልጄም አትሰማ። የቁጥሩን ነገር እሱ ያውቅበታል። የበር ላይዋን ፒካፕ ቁልፍ እንዳይጠፋበት እኔ ኪሴ አድርጌዋለሁ። እስከዚያ በእግሩ ይሂድ፤ ለጤናም ጥሩ ነው።

ተነሳሽ እንዴ? ኧረ እኔ ሰው አልራገምም፣ በይ አብረሽኝ መርቂው፣ አሜን በይ። እግዜር ለዚያ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሴት ልጅ ይስጠው፤ መልኳ የእናቷን ይሁን፣ አመሏም የእናቷን። ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። ሲድራትም እግዜር ደግ አማች ያምጣለት፤ “አባባ” ከአፉ የማይለይ፣ እጁ ባለሙያ፣ የአማቱን ንብረት እንደ ራሱ ንብረት የሚያይ… ቁርጥ እሱን የመሰለ።