ሳይረገጥ የተገባበት ወንዝ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ላይ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ከአምቦ ወደ ካቺሲ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላ ተቀምጫለሁ፤ ከፊቴ የተሳፈሩ ሁለት ሾፌሮች ያወራሉ። አንዱ ጎልማሳ ነው፤ ሌላው እሱ መንዳት ያስተማረው ወጣት።

“ፎር ዊሉን አስገብተህ ነበር?”

“አዎ ጋሼ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ነው የገባሁት። መሀል ላይ ሞተሩ ውሃ ጠጣና መኪናዋ ጠፋች።”

“ደግመህ አላስነሳሃትም አይደል?”

“አስነሳኋት።”

“ገደልካታ! ቆይ፣ ወንዝ በእግርህ ሳትረግጥ መኪና አታስገባ አላልኩህም?”

“ጫማዬን ላወልቅ ስል አንድ ሽማግሌ ‘ከጉልበት አያልፍም፣ ግባ’ አሉኝ። ‘ቢሆንም ልለካው’ ስላቸው፣ ‘እዚሁ አድጌ ወንዜን ልታስተምረኝ ነው?’ ብለው ተቆጡ።”

ያ ሽማግሌ እኔ ነኝ። ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።

“ተቆጡና ተውከው?”

“እሳቸው ቆመው እያዩኝ ዱላ ይዤ ብገባ፣ ውሸታም ነዎት ማለት አይሆንም?”

“ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ለይሉኝታ ብለህ የግብርና ቢሮውን መኪና አሰጠምካት!”

“ነገ ጠዋት ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ሳያባርሩኝ አይቀሩም።”

“ሽማግሌውን ጥራቸዋ፣ ይመስክሩልህ።”

“ተው ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ሰው ፊት አላዋርዳቸውም።”

ካቺሲ ስንደርስ ወረድሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ወንዝ በእግሬ ተሻግሬ፣ እስከ ወገቤ እንደራስሁ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ የግብርና ቢሮው ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆምሁ።