የጉሮሮ ድምፅ ሰብሳቢው የዬሊ ሻጌ ዜና ሕይወት

ወንድሜን የበደለው፣ በእሳቸውም በኩል እኔን የበደለኝ፣ የመጽሐፍ ቤቱ አለቃ ሞዛንግ ኖጁ ነው። አንቱታ የለውም፤ አንቱታው ዛሬ ለሟቹ ብቻ ነው። ኖጁ፣ ከለቀስተኛው ኋላ ቆመሃልና ስማ። አስከሬናቸው ላይ እሳት ሳይለኮስ፣ ከአገራችን ስድስት ሺህ ፊደል ስድሳውን ብቻ የማውቀው ታላቅ እህታቸው ኒሜ ታሪካቸውን በቃሌ እናገራለሁ።

ዬሊ ሻጌ ከአባታቸው ከግመል አርቢው ዬሊ ቱባ እና ከእናታቸው ከሲዌ በሄላን ተራራ ግርጌ በነብር ዓመት ተወለዱ። በስምንት ዓመታቸው ዋና ከተማ ወርደው ትምህርት ቤት ገብተው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው የመጽሐፍ ቤቱ ጸሐፊ ሆነው፣ የቆዳ ፋቂ ልጅ የሆኑትን ላሌን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ሥራቸው ቤት የሚመቱ ቃላትን በየድምፃቸው የሚለይ መጽሐፍ ማሰናዳት ነበር። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ወረቀት ላይ ሲያፈጡ፣ እሳቸው በበቅሎ እየዞሩ በየድንኳኑ የባልቴት አፍ ያዳምጡ ነበር። እኛ የተራራ ሰዎች አንዱን አናባቢ ጉሮሮ ጨምቀን፣ ሌላውን ለቀቅ አድርገን እናወጣለን፤ ከተማ ያደጉት ሁለቱንም አንድ አድርገው ይውጡታል። ሻጌ ሠላሳ ዓመት ደክመው የደረሱበት ይህ ነው፦ በአያቶቻችን አፍ ከአናባቢው ፊት አንዲት ተነባቢ ነበረች፤ በዘመን ብዛት ሞተች፤ ስትሞት ግን ጉሮሮ መጭመቋን ለአናባቢው አወረሰች።

«እትዬ፣ የሞተችው ድምፅ አንቺ ጉሮሮ ውስጥ አለች» ቢሉኝ፣ «አንተ ሞኝ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ያለው የፍየል ወተት ነው» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

መጽሐፉን ሁለቱን ድምፆች ለይተው በአርባ አንድ የማተሚያ እንጨት ሰሌዳ አስቀረጹ። ኖጁ ግን «የከተማ ወጣት የማይለየውን እኛ ለምን እንለያለን? ሰሌዳው ተልጎ እንደገና ይቀረጽ» አለ። ወንድሜ እኔን ለምስክርነት አቀረቡኝ። ሁለቱን ድምፆች ባሰማ፣ ያ ሰው በጸሐፊዎቹ ሁሉ ፊት «ይህች ግመል ባገሳች ቁጥር መጽሐፍ ልንጽፍ ነው?» ብሎ አሳቀብኝ። ሻጌ አልሳቁም።

በዚያው ሳምንት ደም ተፉ። በሽታው መንገዱ እንዲጠፋበት ወደ ሌላ ቤት አዛወርናቸው፤ ከዚያም ወደ ሦስተኛ፤ በሽታው ግን እየተከተለ አገኛቸው። ከትናንት ወዲያ ቀትር ላይ የኖጁ መልእክተኛ «ሰሌዳዎቹ ከአለቃው ግቢ ገብተዋል፤ ነገ ረፋድ ይላጋሉ» ብሎ ነግሯቸው ሲወጣ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን ላሌን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ እኔንም ትተውን ሄደዋል። ቡድሃ ነፍሳቸውን ድካም ከሌለበት ከንጹሑ ምድር ያግባልን።

በማግስቱ፣ ማለትም ትናንት ማለዳ፣ የተራራውን ሴቶች ጠርቼ፣ በግ አርጄ አብልቼ፣ ችቦ አስይዤ ወደ ኖጁ ደጅ ሄድኩ። የቂም እሳት ይዛ የመጣችን ሴት መግጠም ክፉ ዕድል ያመጣልና ዘበኞቹ ጦራቸውን ጥለው ሸሹ። እሱ ብቻ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ «እማማ ኒሜ፣ እባክዎ፣ ልጆች ውስጥ ናቸው!» አለኝ።

«ልጆችህን ይዘህ ዞር በል» አልኩት።

ቤቱን አልነካሁም። አርባ አንዱን ሰሌዳ ለሴቶቹ አሸክሜ አወጣሁ፤ ከወንድሜ አስከሬን አጠገብ ደረደርኩ፤ የመጀመሪያውን ቀለም ቀብቼ፣ ወረቀት ዘርግቼ፣ በገዛ እጄ አተምኩት።