ጀግኖቹ ድንኳን ሰፈር ገቡ

ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ስደተኛ ሰፈራችን ቱነይድባ በሚሄደው ሐፍላ፣ በአውቶቡሱ፣ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ሁለት ጎረምሶች በአንድ ስልክ የሥዕል ታሪክ ያያሉ። ባለስልኩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲከታተላቸው የነበሩ ጀግኖች ለዓመታት ጠፍተው አሁን እንደገና መውጣት ጀምረዋል።

"ወላሂ፣ ባይመለሱ ይሻል ነበር" አለ ባለስልኩ።

"ምን አደረጉህ?"

"መሪያቸው የሞተ ጊዜ እህል አስጠልቶኝ ነበር። አሁን ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ መጣ።"

"እንባህን ይመልስልህ!"

"ደግሞ አርጅቷል። ከመብረሩ በፊት ወገቡን ይይዛል።"

"ዘንድሮ የት ዘመቱ?"

"ስደተኛ ሰፈር። እየው፣ ድንኳኑ፣ የውኃ ሮቶው፣ የራሽን ሰልፉ ሳይቀር የኛው ነው።"

"አጃኢብ! ታዲያ ማንን አዳኑ?"

"እርስ በርሳቸው ነዋ። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ያነሳዋል፣ ከዚያ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።"

"ሰልፈኛውስ?"

"ከኋላ ቆሞ ያጨበጭብላቸዋል።"

"እስቲ አጉላው፤ እኔም ሰልፉ መሃል እኖር ይሆናል።"

"አትድከም። ፊት አልሳሉለትም።"

"ለአንዱም?"

"ለአንዱም። ሰልፉ አጠገብ ለቆመው ግመል ግን ሽፋሽፍት ሳይቀር ስለውለታል።"

ለአቧራው ብዬ ፊቴ ላይ የጠመጠምኩትን ሻሽ ቀስ ብዬ ገለጥኩት።