የዝንጀሮው መርዝ

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚድያ ታክሲ ውስጥ ስለሰማሁት ወሬ የጻፍኩትን ተቀበለው! ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ጆሮዬን ጥዬ ነው የምቀመጠው። ዛሬ ከነቀምቴ ገበያ ወደ መናኸሪያ ስንሄድ፣ ከጊዳ አያና የመጡ ገበሬ አጠገባቸው ከተቀመጠች የእንስሳት ሐኪም ጋር ወሬ ጀመሩ።

«ዝንጀሮ በቆሎዬን ጨረሰው። ይኸው መርዝ ገዛሁ፤ ዳቦ ውስጥ አድርጌ ማሳው ዳር እበትነዋለሁ።»

«ጋሼ፣ በመርዝ መግደል እኮ በሕግ ክልክል ነው። ሲሠቃይ ውሎ ነው የሚሞተው።»

«ለዝንጀሮ ሕግ ወጣለት! ለእኔ በቆሎስ?»

«ጠብቆ ማባረር አልተከለከለም። ካልሆነም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።»

«እነሱ እስኪመጡ አገዳው ብቻ ይቀራል።»

«ድሮስ እንዴት ነበር የምትጠብቁት?»

«ከጎረቤቴ ከዲንሳ ጋር፣ ማማ ላይ በተራ። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። አገሩ ላይ ግጭት መጣና ተፈናቅለን ተበታተንን።»

«ኦቦ ዲንሳ አልተመለሱም?»

«ተመልሷል። እሱም አይጠራኝ፣ እኔም አልጠራው። ለብቻው ውሻ ይዞ ይጠብቃል።»

«ውሻው ወደ እርስዎ ማሳ ይገባል?»

«ማን ይከለክለዋል? የእኔ ውሻ ልጅ ነው፤ ቡችላ ሳለ እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«እንግዲያ ዳቦውን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው።»

ሰውየው የመርዙን ጥቅል አነሱ። ከዚያ ድንገት፣ «ወራጅ አለ!»

«ጋሼ፣ መናኸሪያ እኮ አልደረስንም።»

«ይህን ለባለሱቁ ልመልስ። ከዚያ ዲንሳ ጋ እደውላለሁ፤ ቁጥሩን ካልቀየረ።»

ኦቦ ዲንሳ ስልኩን ያነሱት ይሆን እያልኩ መውረጃዬን አለፍኩ፤ እናንተም ታክሲ ውስጥ የሰማችሁትን ጻፉና ሰኞ ወደ ሚኒ ሚድያ ክፍላችን ኑ።