የቡቺ ዕንባ

ከቦሌ ወደ አራብሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ትንሽ ነጭ ውሻ ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ነጠላ የለበሱ እናት አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ውሻ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?»

«አያለቅስም፣ እማማ። ዓይኑ ውሃ እያወጣ ከሥሩ ያለው ፀጉር ቀልቶበት ነው።»

«የሞተበት አለ?»

«ኧረ የለም! ሐኪሙ ‹ዓይኑ ደህና ነው፣ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ በጥጥ ጥረጊለት፣ ከዚያ በደንብ አድርቂለት› ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠረግሽለትም?»

«እየረሳሁት። እሱ ደግሞ የእጮኛዬ እናት ውሻ ነው።»

«በስመ አብ! አማትሽን እንዲህ ትያለሽ?»

«ውሻው የእሳቸው ነው ማለቴ ነው፣ እማማ! ዱባይ ሲሄዱ አደራ ብለው ሰጥተውኝ ነው። ዛሬ ስለተመለሱ ልመልስላቸው ነው።»

«ሎሚ ብታሺውስ?»

«ዓይኑን ያቃጥለዋል! ጠዋት በውሃ ጠርጌው ነበር፤ ግን አንዴ ከቀላ ቶሎ አይለቅም። ሲያዩት ‹ቡቺን አስለቅሰሽብኝ ነው› ይሉኛል። ሠርጋችን ደርሷል እኮ…»

«ውይ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ጀመርሽ? በይ ጥጡን አምጪው።»

«ቡቺን ሊጠርጉልኝ ነው?»

«ቡቺማ ይቆይ። ኩልሽ አገጭሽ ድረስ ወርዷል፤ ሴትዮዋ ማን ማንን እንዳስለቀሰ በምን ይወቁ?»

ጨዋታቸው እንዳያመልጠኝ ብዬ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ» ሳልል አለፍኩት።