ሦስት በር ያለው ቤት

በጃንሆይ ጊዜ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ካራቆሬን ባፈረሰ ሰሞን፣ በካሚዮን ወደ ሸዋ ሮቢት ስሄድ አንድ ገበሬና ቤቱን በነጻ የሠራለት የሰንበቴ ማኅበር አናጢ ከኋላዬ ያወሩ ነበር።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ቤቱ እንዴት ነው?»

«አላህ ይስጣችሁ። ግን ሦስት በር ምን ያደርግልኛል?»

«እኛ የለመድነው ቤተ ክርስቲያን መሥራት ነዋ!»

«መንገደኛው ሁሉ ግድግዳዬን እየሳመ ያልፋል። ሚስቴ ፋጡማማ ‹ቤተ ክርስቲያን አልገባም› ብላ ዳስ ውስጥ ቀረች።»

«እስካሁን?»

«ትናንት አንዲት ሴት ‹ስለቴ ሰመረ› ብላ ዣንጥላ አመጣችልኝ።»

«ተቀበሏት?»

«ዝናብ ነበራ! ፋጡማን በዣንጥላው ከልዬ አስገባኋት።»

«በየትኛው በር?»

«በሴቶቹ!»

ፊደልን ያለ መምህር የለየሁት፣ የማላውቀው ነገር የሌለው እኔ፣ ጠዋት ያን ግድግዳ ሦስት ጊዜ የሳምኩበትን አፌን በኩታዬ ሸፈንኩ።